በረዶ የማይጥልባት ፊሊፒንስ በበረዶ ላይ ወርቅ ያገኘችው እንዴት ነው?

ሰዎች ድንጋይ እያንሸራተቱ ከፊት ከፊቱ በረዶውን በመጥረጊያ ሲፈትጉ የሚያሳይ ቪዲዮ አይታችሁ «ይሄም ስፖርት ሆኖ ነው?» ብላችሁ ታውቁ ይሆናል። ከርሊንግ ይባላል። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ቻይና ሀርቢን ላይ በእስያ የክረምት ጨዋታዎች የወንዶቹን ወርቅ የወሰደችው ደግሞ ፊሊፒንስ ናት። አዎ፣ ዓመቱን ሙሉ በሙቀት የምታልበው ፊሊፒንስ። ጃፓንን 10 ለ 4፣ አዘጋጇን ቻይናን 7 ለ 6 አሰናብታ፣ በፍጻሜው ደቡብ ኮሪያን 5 ለ 3 አሸነፈች። ከዚያ ቀን በፊት አገሪቱ በዚህ ውድድር አንድም ሜዳሊያ አልነበራትም።

እንዴት ሆነ? መልሱ እኛንም ይነካል፤ መጀመሪያ ግን ጨዋታውን እንወቀው።

ሁለት ቡድን ነው፣ በየቡድኑ 4 ሰው። 45 ሜትር ገደማ በሚረዝም የበረዶ መስመር ላይ 19 ኪሎ አካባቢ የሚመዝን የግራናይት ድንጋይ ገፍተህ ትለቃለህ። ወዲያኛው ጫፍ ላይ ኢላማ የመሰለ ክብ አለ። እያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት ድንጋይ ይወረውራል፤ 16ቱ ሲያልቁ ለክቡ መሀል የቀረበው ቡድን ነጥብ ያገኛል። የተቃራኒን ድንጋይ መትቶ ማስወጣት ይቻላል፣ የራስን ከሌላው ጀርባ መደበቅም ይቻላል። ብይ ወይም ፑል የተጫወተ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

መጥረጊያው የጽዳት ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ከጨዋታው በፊት በረዶው ላይ የውሃ ጠብታ ይረጭና እየረጋ ትንንሽ እብጠት ይሠራል፤ ድንጋዩ የሚንሸራተተው በእነዚያ እብጠቶች ጫፍ ላይ ነው። ሲፈተጉ በመጠኑ ይሞቃሉ፣ ሰበቃው ይቀንሳል፣ ድንጋዩም ራቅ ብሎና ቀጥ ብሎ ይሄዳል። አንዴ ከተለቀቀ በኋላ አቅጣጫውንና ርቀቱን ለማስተካከል ያለው መሣሪያ ይኸው መጥረጊያ ነው።

የሞቃት አገር ችግር የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። «የገበያ ማዕከል ውስጥ የበረዶ መንሸራተቻ ካለ አይበቃም?» ልትሉ ትችላላችሁ። ማኒላ እንዲህ ዓይነት መንሸራተቻ አላት። ግን የስኬቲንግ ጫማ የቧጨረው በረዶ ለከርሊንግ አይመችም፤ ወለሉ ትንሽ ካዘነበለ ድንጋዩ ወደማይፈለግበት ይሄዳል። እርጥብ አየር ደግሞ በረዶው ላይ እንደ ውርጭ ይረጋና ጨዋታውን ያበላሻል። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን እርጥበት የሚያወጣ ማሽን፣ ያንን ሁሉ የሚሸከም መብራት፣ በረዶውን የሚያዘጋጅ ባለሙያም ያስፈልጋል። ድንጋዮቹም ከየትም አይመጡም፤ ለትልልቅ ውድድር የሚሆነው ግራናይት በዋናነት የሚወጣው ኤይልሳ ክሬግ ከምትባል የስኮትላንድ ደሴት ነው። ለአንድ መስመር 16 ድንጋይ ያስፈልጋል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የምትኖሩ ሒሳቡን ሥሩት።

ፊሊፒንስ ታዲያ ይህን ሁሉ አልገነባችም። ተጫዋቾቹ የተገኙት ከስዊዘርላንድ ነው። ማርክ እና ኤንሪኮ ፊስተር የሚባሉ ወንድማማቾች እናታቸው ፊሊፒናዊት ናት፤ ቀደም ሲል የተጫወቱትም ለስዊዘርላንድ ነበር። ክርስቲያን ሃለርም እንደነሱ ግማሽ ስዊዝ ግማሽ ፊሊፒናዊ ነው። አራተኛው፣ አለን ፍራይ፣ ከሁሉም ይገርማል፦ ነጋዴ ነው፤ «ኦሊምፒክ መግባት አለብኝ» ብሎ የሚሆነውን ስፖርት ሲያፈላልግ ከርሊንግን አገኘና ከዜሮ ጀመረ።

አስተያየት መስጫው ላይ «ይሄማ ስዊዘርላንድ በፊሊፒንስ ማልያ ነው» የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛ አንስማማም። የእናትህን አገር ማልያ መልበስ ማጭበርበር አይደለም። አገር የቀየረ ተጫዋችም ዝም ብሎ አይዘልም፤ የኦሊምፒክ ቻርተር በመርህ ደረጃ የ3 ዓመት መጠበቂያ ያስቀምጣል። ግን አንድ ሐቅ አለ፦ ሜዳሊያው ብቻውን ማኒላ ላለ ልጅ በረዶ አያመጣለትም። ናይጄሪያም ተመሳሳይ መንገድ ነው የሄደችው። በ2018 እ.አ.አ. ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ የዓለም ከርሊንግ ፌዴሬሽን አባል ሆነች፤ በማግስቱ ዓመት በዓለም የድብልቅ ጥንድ ሻምፒዮና አሜሪካ የሚኖሩት ባልና ሚስት፣ ቲጃኒ እና ሱሳና ኮል፣ ፈረንሳይን 8 ለ 5 አሸነፉላት።

ወደ እኛ እንምጣ። ቤይሩትና ዱባይ የሠሩ እህቶቻችን ፊሊፒኖችን በደንብ ያውቋቸዋል፤ ሁለቱም አገሮች ልጆቻቸውን በዓለም ዙሪያ የበተኑ ናቸው። ልዩነቱ ሕጉ ላይ ነው። ፊሊፒንስ ከ2003 እ.አ.አ. ጀምሮ የሌላ አገር ዜግነት የወሰዱ ልጆቿ የፊሊፒንስ ዜግነታቸውን መልሰው እንዲይዙ ትፈቅዳለች። በእኛ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ግን በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ቢጫ ካርዱ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ለመሥራትም ያግዛል፤ ዜጋ ግን አያደርግም። ስለዚህ በብሔራዊ ማልያ አያሰልፍም።

የእኛ ታሪክ እስካሁን በአብዛኛው የተገላቢጦሽ ነው። ዘነበች ቶላን ዓለም የሚያውቃት ማርያም ዩሱፍ ጀማል ብሎ ነው፤ በ2007 እና በ2009 እ.አ.አ. የ1500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ለባህሬን ሮጣ ነው። ከውጭ ወደ ቤት የመጣው ሮቤል ተክለማርያም ነው። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሮቤል የኢትዮጵያን የበረዶ ሸርተቴ ፌዴሬሽን ራሱ መሥርቶ፣ በ2006 ቱሪን እና በ2010 ቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ባንዲራችንን ይዞ ገባ። በ2014፣ በ2018 እና በ2022 ማንም አልተተካም።

ሚኒሶታ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት፣ ከርሊንግም በክለብ ደረጃ የሚዘወተርባት ግዛት ናት። እዚያ የተወለደ የእኛ ልጅ በትውልድ አሜሪካዊ ነው። ነገ ለኢትዮጵያ መጫወት ቢፈልግ አዋጁ በር ትቶለታል፦ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ የአሜሪካ ዜግነቱን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደመረጠ ማስታወቅ። በ19ኛ ዓመቱ ልደት በሩ ይዘጋል።