ከመደቡ የበለጠ ብር

ገበጣ የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች አንዱ ከሌላው የሚደብቀው ጠጠር የላቸውም። ሰንጠረዥም ሁለቱ ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን በሚያንቀሳቅሱበት «ወረራ» በሚባለው መክፈቻው እንኳ ንጉሡም ፈረሱም በሁለቱም ዐይን ፊት የሚሄዱበት ጨዋታ በመሆኑ፣ የሚሸነፍ ሰው የሚሸነፈው ሊያየው የሚችለውን ነገር አስቀድሞ ባለማስላቱ ነው። ፖከር የተባለው የካርታ ጨዋታ ግን ከመረጃው ከፊሉን ሸፍኖ የሚያስቀር ስለሆነ፣ ተጫዋቹ የሚወስነው በእጁ ባለው ካርታ ብቻ ሳይሆን፣ የማያየውን ካርታ የያዘው ሰው ምን ያህል ገንዘብ እንዳስያዘ እየመዘነ ነው።

በአዊ ዞን ከተሞች፣ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፣ ካርታ የሚያውቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያውቀው ኮንከርን ስለሆነ፣ የፖከርን አካሄድ በአጭሩ ማስረዳት ያስፈልጋል። በኢንተርኔት በስፋት የሚዘወተረው ቴክሳስ ሆልደም የተባለው ዐይነት ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ተሸፍኖ ከታደለ በኋላ በመሀል አምስት ካርታዎች፣ መጀመሪያ ሦስቱ በአንድ ላይ፣ ከዚያም አንድ አንድ እየሆኑ፣ ለሁሉም በሚታይ መልኩ ይገለጣሉ፤ ከሰባቱ ካርታዎች የተሻሉትን አምስቱን አቀናጅቶ የበለጠ እጅ የያዘው ይበላል። በየዙሩ ተጫዋቾች ገንዘብ ያስይዛሉ፤ በዚህ መንገድ በመሀል የሚጠራቀመው ገንዘብ በዚህ ጽሑፍ መደብ ይባላል። አንዱ ሲያስይዝ ሌላው ካርታውን ጥሎ ይወጣል፣ ወይም እኩል አስይዞ ያያል፣ ወይም ጨምሮ ያስይዛል። በመደቡ ካለው ገንዘብ በላይ የሆነ ማስያዣ ኦቨርቤት ይባላል፤ በሳንቲም ደረጃ በሚጫወቱባቸው የኢንተርኔት ጠረጴዛዎች ላይ የመጨረሻው ካርታ ከተገለጠ በኋላ እንዲህ ያለ ማስያዣ ድንገት ሲመጣ ማየት ይገባል ወይስ መጣል የሚለው ጥያቄ ብዙ ጀማሪዎችን ያስጨንቃል።

የመጀመሪያው ሥራ ዋጋውን ማስላት ነው፤ ይህም የሂሳቡ ቀላል ክፍል ነው። መደቡ 100 ብር ሆኖ ተቃራኒው ተጫዋች 250 ብር ቢያስይዝ፣ ለማየት የሚፈልገው ሰው 250 ብር ከፍሎ 350 ብር ለመብላት ይጫወታል፤ አጠቃላዩ ገንዘብ 600 ብር ስለሚሆንም 250ን ለ600 በማካፈል ቢያንስ 42 በመቶ ገደማ ጊዜ ትክክል መሆን እንዳለበት ይረዳል። ማስያዣው ከመደቡ ጋር እኩል ቢሆን የሚፈለገው 33 በመቶ፣ የመደቡ ግማሽ ቢሆን 25 በመቶ ነበር። ልብ ሊባል የሚገባው ማስያዣው የቱንም ያህል ቢያብጥ ይህ ቁጥር 50 በመቶ አለመድረሱ ነው፤ በ100 ብር መደብ ላይ 1,000 ብር ቢወረወር እንኳ የሚፈለገው 48 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ የማስያዣው ትልቅነት በራሱ የሚያስፈራውን ያህል የስሌቱን መልክ አይለውጠውም፤ ከመደቡ እኩል ከሆነው ወደ አሥር እጥፉ ሲኬድ የሚፈለገው እርግጠኝነት የሚጨምረው በ14 በመቶ ነጥብ ገደማ ብቻ ነው። አጫዋቹ ድርጅት ከመደቡ የሚቆርጠው ድርሻ ግን መረሳት የለበትም፤ ከ600 ብሩ 5 በመቶ፣ ማለትም 30 ብር፣ ቢቆረጥ 42 የነበረው ወደ 44 ከፍ ይላል፣ በትንንሽ ጠረጴዛዎችም ላይ ይህ ቁርጥ ከሚጫወቱት ገንዘብ አንጻር ከባድ ነው።

ከወዲያ ወገን ሲታይ ደግሞ ሂሳቡ ይገለበጣል። ምንም ሳይይዝ የያዘ በመምሰል 250 ብር የሚያስይዝ ሰው የሚበላው መደቡ ላይ ያለውን 100 ብር ብቻ በመሆኑ፣ ማታለሉ የሚያዋጣው ተቃራኒው ከአሥር ጊዜ ከሰባት በላይ ካርታውን ሲጥልለት ነው። የሃንጋሪው ተወላጅ የሂሳብ ሊቅ ጆን ፎን ኖይማን ስለ ማኅበራዊ ጨዋታዎች የጻፈውን ጥናት በ1928 እ.ኤ.አ. አሳትሞ፣ በ1944 እ.ኤ.አ. ከኢኮኖሚ ምሁሩ ኦስካር ሞርገንሽተርን ጋር ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ የተቃለለ የፖከር ዐይነትን ተንትኖ ያገኘው ነገር ለብዙ ሰው እስከ ዛሬ እንግዳ ነው፦ ጥሩ ተጫዋች በትልቁ የሚያስይዘው በጣም ጠንካራ እጅ ሲይዝና በጣም ደካማ እጅ ሲይዝ ነው፤ መካከለኛ እጅ ግን ዝም ተብሎ ይታያል እንጂ አይፎከርበትም። ማታለል በዚህ አስተሳሰብ የጠባይ ጉድለት ሳይሆን የሂሳቡ አካል ነው፤ ጭራሽ የማያታልል ተጫዋች በትልቁ ባስያዘ ቁጥር ሁሉም ካርታውን እየጣለ ስለሚሄድ፣ ጠንካራ እጁ የሚያበላው የለምና። በምሳሌው ልክ ለሚያስይዝ ሰው ሚዛኑ ከአሥራ ሁለት ማስያዣ አምስቱ ማታለል፣ ሰባቱ እውነት መሆን አለበት፤ ያን ጊዜ ተቃራኒው ቢያይም ቢጥልም ልዩነት አያገኝም።

ይህ በወረቀት የቀረ አይደለም። በጥር ወር 2017 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፒትስበርግ ከተማ፣ በካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ቱኦማስ ሳንድሆልምና ኖዓም ብራውን የሠሩት ሊብራተስ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከአራት ታዋቂ የሙያው ተጫዋቾች ጋር 120,000 እጅ ተጫውቶ ሁሉንም ሲያሸንፍ፣ በተለይ ያስቸገራቸው ሰው በልማድ በማይጠቀምበት መጠን ከመደቡ በላይ እያስያዘ መምጣቱ ነበር። ማሽኑ ገንዘቡን የሚያበዛው ሲፎክር ወይም ሲናደድ አልነበረም፤ ሚዛኑን ጠብቆ አንዳንዴ በእውነት አንዳንዴ በባዶ ስለሚያስይዝ፣ ባለሙያዎቹ በእያንዳንዱ ጊዜ ከእንዲህ ያለው ስሌት ጋር ይፋጠጡ ነበር።

በሳንቲም ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሰው ግን ሊብራተስ አይደለም፤ የጀማሪዎች ስህተትም ከዚህ ላይ ይጀምራል። ሂሳቡን ተምሮ የመጣ ወጣት «ከአሥራ ሁለት አምስቱ ማታለል ነው» ብሎ ሲያይ፣ ከፊቱ ያለው ሰው ያን ሚዛን ሰምቶት የማያውቅ፣ ከሥራ ውሎ የመጣ፣ ሁለት ጠረጴዛ ከፍቶ አንዱን ሳያይ የሚጫወት ሰው ሊሆን ይችላል። በአነስተኛ ገንዘብ የሚጫወቱ ሰዎች ልማድ ደግሞ ሁለት ሦስት ዙር ዝም ብለው እየተከተሉ ቆይተው፣ የሚፈልጉት ካርታ መጨረሻ ላይ ሲወጣላቸው ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸው ያላቸውን ሁሉ መወርወር ነው። ማታለል ሲያምራቸው ግን እንዲህ ያለ ገንዘብ በባዶ ለመጣል እጃቸው ስለማይሄድ ትንሽ ያስይዛሉ። እውነተኛው ሚዛን ከአምስት አንዱ ብቻ ማታለል ከሆነ፣ ያየው ሰው በአማካይ አንድ ጊዜ 350 ብር በልቶ አራት ጊዜ 250 ብር ስለሚከስር፣ በእያንዳንዱ ማየት 130 ብር ያጣል።

ጥር 23 ቀን በሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል ላይ ጉግስ የሚያይ ሰው ይህን ልዩነት ከፖከር ተጫዋች ባልተናነሰ ያውቀዋል። ከፊት የሚጋልበው ፈረሰኛ ከኋላ የሚያሳድደው ሰው ክንዱን ባነሣ ቁጥር ጋሻውን ወደዚያው ቢያዞር፣ ለመወርወርና ለማስመሰል እኩል የሰለጠነ አሳዳጅ ያወናብደዋል፤ ነገር ግን ማስመሰልን ገና ያልተማረ ጀማሪ ክንዱን ካነሣ ይወረውራልና ሳያመነቱ መከላከል ይሻላል። የፈረሰኞቹ ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ በሚታየው በዚህ ጨዋታ ላይ የትኛው ፈረሰኛ የትኛው እንደሆነ የሚያውቁት የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ በኢንተርኔት ጠረጴዛ ላይ ግን ተቃራኒው ስም ብቻ ስለሆነ ያን ዕውቀት የሚተካው ቁጥር ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ጨዋታው በእውነተኛ ገንዘብ ሲሆን ነው። በስልክ ላይ በነጻ በሚታደል ቺፕ የሚጫወቱ ሰዎች የሚያጡት ነገር ስለሌለ በየእጁ ያላቸውን ሁሉ ይወረውራሉ፤ እዚያ ያየውን ልማድ ይዞ ወደ ብር ጠረጴዛ የሚመጣ ሰው ሁሉም የሚያታልሉት ይመስለዋል፣ በዚሁ ምክንያትም ገንዘቡን ያጣል።

ጉዳዩን ከቅርብ ለማየት አንድ እጅ መመርመር ይጠቅማል። በመሀል የልብ ንጉሥ፣ የልብ ዘጠኝ፣ የአበባ አራት፣ የዳይመንድ ሁለትና በመጨረሻ የልብ ሰባት ተገልጠዋል እንበል፤ ተጫዋቹ ጥቁር ንጉሥና ጥቁር ኤስ ስለያዘ ጥሩ ጥንድ አለው። ሁለቱን ቀደምት ዙሮች ዝም ብሎ ሲከተል የቆየው ተቃራኒ በሰባቱ ላይ 250 ብር ያስይዛል። ሦስት ልብ መሀል ስላለ፣ ሁለት ልብ የያዘ ሁሉ አምስት ልብ አሟልቶ ጥንዱን ይበልጣል። ከቀሩት አሥር ልቦች ሁለት ሁለቱን የማጣመሪያ መንገድ 45 ነው። በተጫዋቹ እጅ ግን ከጥቁሩ ኤስ ይልቅ የልብ ኤስ ቢኖር የቀሩት ዘጠኝ ልቦች ብቻ ስለሆኑ 45ቱ ወደ 36 ይወርዳሉ፤ የሚጠፉት ዘጠኙም በኤስ የሚመሩት፣ ማለትም ተቃራኒው ያላንዳች ፍርሃት በትልቁ ሊያስይዝባቸው የሚችላቸው ናቸው። አንድ ካርታ በራስ እጅ መኖሩ በሌላ ሰው እጅ እንዳይኖር ማድረጉን ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች «ብሎከር» ይሉታል። ዘዴው ግን ሁለት አፍ ያለው ቢላዋ ነው፤ የልብ ኤስን ብቻ ይዘው፣ በሌላው እጅ ያ ኤስ እንደሌለ እያወቁ በባዶ የሚያታልሉ ብልሆችም አሉና፣ ያቺው ካርታ እነሱንም ከስሌቱ ታወጣለች። በሳንቲም ጠረጴዛ ላይ እንዲህ አስበው የሚያታልሉት ጥቂት ስለሆኑ፣ ጥቁሩን ኤስ የያዘ ቢጥለው፣ የልቡን የያዘ ትንሽ ቢያመነታ አይፈረድበትም።

ተራ የሆኑ ነገሮችም ስሌቱን ያዛባሉ። ማስያዣው በስልክ መስተዋት ላይ በጣት በሚሳብ መስመር ስለሚወሰን ጣት ያለፈበት 25 ብር 250 ሆኖ ይወጣል፤ ለውሳኔ የሚሰጠው ጊዜም ብዙውን ጊዜ በሰከንዶች የሚቆጠር ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ፕሮግራሙ የተጫዋቹን ካርታ ራሱ ይጥልለታል፤ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ እንደነበረ የሚያስታውስ የእንጅባራ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

ከሁሉም በላይ ግን ስሌቱ የማይነግረው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም 42 በመቶ ዕድል ያለው ሰው ከመቶ 58 ጊዜ እንደሚሸነፍ ነው። ማየት ትክክል ሆኖ እንኳ ያ 250 ብር የሰውየው ሙሉ ሀብት ከሆነ፣ አንዴ ከተበላ ቀጣዩን እጅ የሚያይበት የለውም፤ አማካይ የሚጠቅመው ብዙ ጊዜ መጫወት ለሚችል ብቻ ነውና። በአዊ ዞን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች በሰፊው የተከሉት አካሺያ ዲከረንስ ይህን ያሳያል። ከአውስትራሊያ የመጣው ይህ ዛፍ በአሲዳማው መሬት ላይ ደህና በቀለ፤ በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሀል ጤፍ ተዘርቶ፣ በአራትና በአምስት ዓመቱ ተቆርጦ ከሰል ሆኖ እስከ አዲስ አበባ ይሸጥ ነበር፤ ስሌቱም ለዓመታት ትክክል ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ዋግ የሚመስል የፈንገስ በሽታ ችግኙን ማድረቅ ሲጀምር ግን፣ ከመሬቱ አንዱን ማሳ ብቻ የተከለና ሁሉንም የተከለ ገበሬ ያደረጉት ውርርድ በዐይነት አንድ ቢሆንም በመጠን የማይገናኝ ሆነ። ጥንቁቅ የፖከር ተጫዋቾች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ከገንዘባቸው ጥቂት መቶኛውን ብቻ ይዘው የሚቀመጡት ለዚህ ነው፤ ለቤት ኪራይ ወይም ለትምህርት ቤት ክፍያ የተቀመጠ ብር ይዞ የተቀመጠ ሰው፣ ከላይ የተባለው ሁሉ ትርጉም ያጣበታል።

ፖከርን በዓለም ያስፋፋው ታላቁ ማስያዣ ራሱ ከስሌት ውጭ የሆነ ይመስላል። በ2003 እ.ኤ.አ. በላስ ቬጋስ በተደረገው የዓለም ውድድር መጨረሻ ላይ፣ በኢንተርኔት በጥቂት አሥር ዶላሮች የማጣሪያ ጨዋታ አልፎ የመጣው የሂሳብ ሠራተኛ ክሪስ መኒሜከር፣ ለረዥም ዘመን ከተጫወተው ሳሚ ፋርሃ ጋር ብቻ ለብቻ በቀረበት ጊዜ፣ ይጠብቀው የነበረው ካርታ ሳይመጣለት ቀርቶ በንጉሥ የሚመራ ባዶ እጅ ይዞ ያለውን ሁሉ አስያዘ። ፋርሃ የዘጠኝ ጥንድ ይዞ ነበርና ብልጫው የእርሱ ነበር፤ ተጋጣሚው የሚጠብቀውን ካርታ ሳያገኝ እንደቀረ እየጠረጠረም ረዥም ጊዜ አስቦ ጣለው። መኒሜከር 839 ሰው በተሳተፈበት ውድድር 2.5 ሚሊዮን ዶላር በላ። የቴሌቪዥን ተመልካች በተተከለው ካሜራ የሁለቱንም ካርታ ሲያይ፣ ፋርሃ የጣለው ምን እንዳጋጠመው ሳያውቅ ነበር። በሳንቲም ጠረጴዛ ላይ የሚጫወት ሰውም ያየበትን እጅ ብቻ ነው ገልጦ የሚያገኘው፤ የጣለበት ሁሉ ተሸፍኖ ስለሚቀር፣ በማስታወሻው ላይ የሚሰበሰበው «አይቼ ተበላሁ» እና «አይቼ በላሁ» የሚለው ብቻ ነው።