ስልኩ በእጃችን፣ ገንዘቡ ግን የት ነው?

የአንድ ሃምሳ አለቃ ባለቤት የሆኑ እናት ለቤተሰብ ዓምዳችን አንድ ጥያቄ አቅርበዋል። ታናሽ ወንድማቸው በካርቱም ከተማ በአንድ ምግብ ቤት ሲሠራ፣ አሠሪው ደመወዙን በስልክ ያስተላልፍለት ነበር። ጦርነቱ ከተነሣ በኋላም ከከተማው ሳይወጣ ቆየ። አንድ ሰሞን ግን ስልኩ በእጁ፣ ባትሪው ሙሉ፣ የተጠራቀመውም ደመወዝ ትናንት በዓይኑ ያየው ሆኖ ሳለ፣ የዳቦ መግዣ አጥቶ ሰነበተ። እኅትየው «ገንዘቡ በስልኩ ውስጥ ከነበረ ስለ ምን አልወጣለትም? በእኔስ ስልክ ያለው የባለቤቴ ደመወዝ እንዲሁ ሊሆን ነው ወይ?» ሲሉ ጠይቀውናል።

ጥያቄው የብዙዎቻችን ቤት ጥያቄ ነው። ባል በግዳጅ ላይ፣ ሚስት ከልጆች ጋር በሰፈር በሚሆኑበት ጊዜ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ይኸው ትንሽ ዕቃ ሆኗልና። ስለዚህ መልሱን ከሥሩ ጀምረን እናቀርባለን።

ምድጃ፣ እሳትና ምጣድ

ኮምፒዩተርም ሆነ ዘመናዊ ስልክ በሦስት ነገሮች የቆመ ነው። የመጀመሪያው በእጅ የሚዳሰሰው ዕቃ ነው። ሁለተኛው ዕቃውን ከውስጥ ሆኖ የሚያስተዳድረው ስርዓተ ክወና የተባለው ፕሮግራም ሲሆን፣ በብዙዎቻችን ስልክ የሚገኘው አንድሮይድ ከዚህ ወገን ነው። ሦስተኛው ለተጠቃሚው አንድ የተወሰነ ሥራ የሚሠራለት ፕሮግራም ነው፤ ይህም መተግበሪያ፣ በተለመደው አነጋገር አፕሊኬሽን ወይም አፕ ይባላል።

ነገሩን በማእድ ቤት ብንመስለው ይቀላል። ጉልቻውና ምድጃው ዕቃው ነው። እሳቱን የምታነደውና ለእያንዳንዱ ማብሰያ የሚበቃውን የምትመድበው ባለሙያ ስርዓተ ክወናውን ትመስላለች። ይሁን እንጂ እሳት ስለ ነደደ ብቻ እንጀራ አይጋገርም፤ ቡናም አይፈላም። ለእንጀራው ምጣድ፣ ለወጡ ድስት፣ ለቡናው ጀበና ያስፈልጋል። እነዚህ ማብሰያዎች መተግበሪያዎቹ ናቸው። ምጣድ ያለ እሳት ከንቱ እንደ ሆነ ሁሉ፣ መተግበሪያም ያለ ስርዓተ ክወና አይንቀሳቀስም።

መልካቸው ብዙ ነው

መተግበሪያዎች በሚሠሩት ሥራ ይለያያሉ። ደብዳቤ የሚጻፍባቸው፣ ሒሳብ የሚሠራባቸው፣ መዝገብ የሚያዝባቸው፣ ሥዕልና ፎቶግራፍ የሚያሳምሩ፣ መልእክት የሚያደርሱ፣ ትምህርት የሚሰጡ፣ ገንዘብ የሚያስተላልፉ አሉ። የሒሳብ ሰንጠረዥን ለግል ኮምፒዩተር በስፋት ያስተዋወቀው ቪዚካልክ የተባለው ፕሮግራም ነው። ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን የተባሉ አሜሪካውያን ሠርተው በ1979 እ.ኤ.አ. አወጡት። ከዚያ በፊት አንዲት ቁጥር ስትለወጥ ገጹን ሁሉ ደልዞ እንደገና መደመር ግድ ነበር። በቪዚካልክ ግን አንዱ ሲለወጥ ድምሩም ራሱ ይለወጣል። ብዙ ነጋዴዎች ኮምፒዩተር የገዙት ለዚህ ፕሮግራም ሲሉ ነው። የእኛም ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ ከገባ ወዲህ፣ በአንዱ ስልክ የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሳይዛባ ሊነበብ ችሏል።

በአሠራራቸውም ይለያያሉ። ለሁሉም ገዢ አንድ ዓይነት ሆነው የሚወጡ አሉ፤ በልክ እንደሚሰፋ ልብስ ለአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ታዝዘው የሚሠሩም አሉ። ቀድሞ በዲስክ ተገዝተው በኮምፒዩተር ላይ ይጫኑ ነበር። አፕል የተባለው ኩባንያ በሐምሌ 2008 እ.ኤ.አ. በ500 ገደማ መተግበሪያዎች የስልክ መደብሩን ከከፈተ ወዲህ ግን፣ ተጠቃሚው ከቤቱ ሳይወጣ በስልኩ ላይ መጫን ጀመረ።

ለእኛ ጥያቄ ዋናው ልዩነት ግን ሌላ ነው። አንዳንዱ መተግበሪያ ራሱን የቻለ ነው፤ የስልኩ ሰዓት፣ ካሜራና የሒሳብ ማስያ ኔትወርክ በሌለበት በረሃም ይሠራሉ። ሌላው ግን ከሩቅ ካለ ትልቅ ኮምፒዩተር ጋር እየተላላከ የሚሠራ መልእክተኛ ነው። መንገዱ ከተዘጋ መልእክተኛው ቆሞ ይቀራል።

ካርቱም ያሳየችው

አሜሪካ ከ1997 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. በሱዳን ላይ በጣለችው የንግድ ማዕቀብ ምክንያት፣ ካርቱም በውጭ ባንኮችና በውጭ መተግበሪያዎች እንደ ልብ መገልገል አትችልም ነበር። ስለዚህ የአገሬው ሰዎች የራሳቸውን መሥራት ያዙ። ታክሲ የሚጠራበት ትርሓል የተባለው መተግበሪያ ከጦርነቱ በፊት በካርቱም መንገዶች የታወቀ ነበር። ከሁሉ ይልቅ የተስፋፋው ግን በ1913 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የካርቱም ባንክ ያወጣው ባንካክ ነው፤ ትርጉሙም በዓረብኛ «ባንክህ» ማለት ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ በካርቱም ሲፈነዳ የባንክ ቅርንጫፎች ተዘጉ፤ ብዙዎቹም ተዘረፉ። ጥሬ ገንዘብ ከገበያ ጠፋ። ያን ጊዜ ባንካክ ለብዙ ቤተሰብ የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ሆነ። በውጭ ያለ ዘመድ ገንዘብ ያስገባል፤ እናት ከባለሱቁ ሒሳብ ወደ ሒሳብ አስተላልፋ ዱቄትና ዘይት ትወስዳለች። ጥሬ ገንዘብ የግድ የሚያስፈልገውም ለነጋዴ በስልክ አስተላልፎ፣ ከፍ ያለ ኮሚሽን ተቆርጦበት ይቀበላል። በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች በየሰፈሩ ያቋቋሟቸው የጋራ ወጥ ቤቶችም በአብዛኛው በዚሁ መንገድ በሚላክ እርዳታ ድስታቸውን ይጥዱ ነበር።

በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የስልክና የኢንተርኔት መስመሮች በአብዛኛው የሱዳን ክፍል ተቋረጡ። መተግበሪያው በየስልኩ ላይ እንዳለ ነው፤ መንገዱ ግን ተዘጋ። በካርቱም ብዙ የጋራ ወጥ ቤቶች እርዳታ መቀበል ስላልቻሉ እሳታቸውን አጠፉ። በአንዳንድ ቦታ ሰዎች በሳተላይት የሚሠራ ኢንተርኔት ወዳለበት ተጉዘው፣ ለጥቂት ደቂቃ ከፍለው ዘመድ እንዲደርስላቸው መልእክት ይልኩ ነበር።

እንግዲህ መልሱ

እመቤት ሆይ፣ የወንድምዎ ገንዘብ በስልኩ ውስጥ አልነበረም፤ የማንም ገንዘብ በስልኩ ውስጥ አይቀመጥም። ገንዘቡ የተጻፈው በባንኩ መዝገብ ነው። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር መልእክተኛው ከመዝገቡ አንብቦ ያመጣው ወሬ ነው። ስለዚህ መስመር ሲቋረጥ ገንዘቡ አልጠፋም፤ ልንደርስበት ግን አንችልም። ስልኩ ቢሰበር ወይም ቢሰረቅም መዝገቡ በቦታው አለ፤ ምስጢር ቁጥሩ በሌላ እጅ ካልገባ በቀር።

ከዚህም የተነሣ ለየቤተሰቡ የሚከተለውን ለማሳሰብ እንወዳለን። በመጀመሪያ፣ ገንዘብ ሁሉ በስልክ መንገድ ብቻ አይቀመጥ፤ ለጥቂት ቀን የሚበቃ ጥሬ ገንዘብና አስቤዛ ከቤት ይኑር። ሁለተኛ፣ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብር በመተግበሪያው ብቻ ሳይሆን *127# በመደወልም ይሠራል፤ ይህ መንገድ የስልክ መስመር እንጂ ኢንተርኔት አይፈልግምና ሁለቱንም መልመድ ይበጃል። ሦስተኛ፣ የሒሳብ ቁጥርና የዘመድ ስልክ ቁጥር በወረቀት ተጽፎ ይቀመጥ፤ ምስጢር ቁጥር ግን አይጻፍ፤ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ለሚል ደዋይም አይነገር። አራተኛ፣ በመልእክት የተላከን መተግበሪያ ከመጫን መቆጠብ፣ ከታወቀው መደብር ብቻ ማውረድ ያሻል። አምስተኛ፣ ወታደሩ ለግዳጅ ከመነሣቱ በፊት ባልና ሚስት ተቀምጠው ገንዘቡ በየትኛው ሒሳብ እንዳለና መስመር ቢጠፋ ከማን ዘንድ እንደሚደረስ ይነጋገሩ።

ጠያቂያችን የወንድማቸውን ነገር እንዲህ ሲሉ ጨርሰዋል። በዚያ በጭንቁ ሰሞን የሰፈሩ ባለሱቅ፣ ሱዳናዊ አዛውንት፣ ስሙን በደብተር ጽፈው ዳቦና ምስር በዱቤ ሰጡት። ወንድምየው መስመር ወዳለበት ሰፈር በተሻገረ ጊዜ አስቀድሞ ያደረገው ለእኅቱ መደወል ሳይሆን የአዛውንቱን ዕዳ በስልክ መክፈል ነበር። ዛሬ በሰላም አገሩ ገብቷል። እኅትየውም ከእንግዲህ በቤታቸው ከስልኩ ጎን አንድ ደብተር እንደማይጠፋ ነግረውናል።