ባህላዊ የወርቅ ማውጣት ሥራ

ባህላዊ የወርቅ ማውጣት ሥራ ሰዎች በግል፣ በቤተሰብ ወይም በማኅበር ተደራጅተው በዶማ፣ በአካፋና በገበቴ ከአፈርና ከጠጠር ወርቅ የሚለዩበት ሥራ ነው። በኢትዮጵያ በጉጂ ዞን አዶላና ሻኪሶ አካባቢ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በምዕራብ ወለጋ፣ በጋምቤላና በትግራይ ይካሄዳል። በቤኒሻንጉል ሥራው ረጅም ዕድሜ አለው፤ የአሶሳው ገዥ ሼህ ሆጀሌ አልሐሰን ለዳግማዊ አጼ ምኒልክ መንግሥት በወርቅ ይገብሩ ነበር።

አለያየት

ወርቅን ከአሸዋ ለመለየት የሚያስችለው ክብደቱ ነው። 1 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ወርቅ 19.3 ግራም ሲመዝን፣ ያንኑ ያህል ኳርትዝ የሚመዝነው 2.65 ግራም ገደማ ብቻ ነው። ወንዝ ከተራራ አጥቦ ያመጣው ወርቅ የውሃው ጉልበት በሚደክምበት ቦታ፣ ለምሳሌ ከትልልቅ ድንጋዮች ጀርባና በአለት ስንጥቅ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ቆፋሪዎች የላዩን አፈር አንስተው ከአለቱ በላይ ያለውን ጠጠር ይፈልጋሉ።

አጣቢዋ ጠጠሩን በገበቴ አድርጋ በውሃ ውስጥ ስታሽከረክረው ቀላሉ አሸዋ ይፈስሳል፤ ከታች ወርቁና ጥቁር አሸዋ ይቀራሉ። ጥቁሩ አሸዋ በአብዛኛው የብረት ማዕድን ስለሆነ ከደረቀ በኋላ በማግኔት ይነሳል። በጣም ደቃቁ ወርቅ ግን ከውሃው ጋር ያመልጣል።

ባዜቃ

ደቃቁን ወርቅ ለመያዝ በብዙ አገሮች ባዜቃ (ሜርኩሪ) ይጠቀማሉ። ባዜቃ ከወርቅ ጋር ሲገናኝ ለስላሳ ቅይጥ ይሠራል። ቅይጡ ሲሞቅ ባዜቃው በ357 ዲግሪ ሴልሲየስ ገደማ ፈልቶ ይተናል፤ ወርቁ የሚቀልጠው በ1064 ዲግሪ ስለሆነ ባለበት ይቀራል። እንፋሎቱ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይተነፍሰዋል፤ ነርቭንና ኩላሊትንም ይጎዳል። ወደ ወንዝ የገባው ባዜቃ ደግሞ በባክቴሪያ አማካኝነት ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ተለውጦ በዓሣ ውስጥ ይከማቻል።

እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመውና በ2017 ሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ስምምነት ቅይጡን በግልጽ እሳትና በመኖሪያ ሰፈር ማቃጠል እንዲቀር ይጠይቃል። እንፋሎቱን ይዞ የሚያቀዘቅዝ የተዘጋ የብረት ዕቃ ጉዳቱን ከመቀነሱም በላይ ባዜቃውን መልሶ ለመጠቀም ያስችላል።

ጉድጓዱና ገቢው

ድጋፍ የሌለው ጠባብ ጉድጓድ፣ በተለይ አፈሩ በዝናብ ሲርስ፣ በቆፋሪዎች ላይ ይደረመሳል። ሳይደፈን የተተወ ጉድጓድም ለሕፃናትና ለከብት ወጥመድ ይሆናል።

ገቢው አይታወቅም፤ ሳምንት ተቆፍሮ ምንም ላይገኝ ይችላል። በዚህ ጊዜ ነጋዴው ለምግብና ለመሣሪያ ያበድራል፤ ተበዳሪው ግን ወርቁን ለእሱ፣ እሱ በቆረጠው ዋጋ ለመሸጥ ይገደዳል። ሚዛኑንና የወርቁን ጥራት የሚለካውም ነጋዴው ከሆነ አምራቹ የሚከራከርበት ነገር የለውም።

በኢትዮጵያ የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባህላዊ ማምረትን ከአነስተኛና ከከፍተኛ ደረጃ ማምረት ለይቶ በፈቃድ እንዲሠራ ደንግጓል። ሕጋዊው ሽያጭ የሚያበቃው በብሔራዊ ባንክ ነው። በጥቁር ገበያ የሚገኘው ዋጋ ከባንኩ ሲበልጥ ግን ወርቁ በኮንትሮባንድ ከአገር ይወጣል፤ አገሪቱም የውጭ ምንዛሪውን ታጣለች።