በቤት የተሠራ እንቁላል መፈልፈያ ሙቀቱ ሲዋዥቅ ችግሩ ከየት ይፈለጋል?

ከጣውላ ሳጥን፣ ከአምፖልና ከማራገቢያ የሚሠሩ እንቁላል መፈልፈያዎች ብዙ ገንዘብ ለሌላቸው ዶሮ አርቢዎች ጥሩ መነሻ ናቸው። የእነዚህ መሣሪያዎች ልብ አርዱይኖን በመሰለች ትንሽ ሰሌዳ ላይ የሚጫነውና ፈርምዌር የሚባለው ፕሮግራም ነው። ሙቀቱን እየለካ አምፖሉን የሚያበራውም የሚያጠፋውም እርሱ ነው። በሌሎች አገሮች ቢራ በቤታቸው የሚጠምቁ ሰዎች የመፍያውን ሙቀት የሚጠብቁት በተመሳሳይ መሣሪያ ነው፤ የሚገጥማቸው ብልሽትም ተመሳሳይ ነው። ልዩነቱ የእኛ አርቢ ሲሳሳትበት የሚያጣው የ21 ቀን ድካምና ሙሉ የጫጩት ዙር መሆኑ ነው።

የዶሮ እንቁላል ማራገቢያ ባለው መፈልፈያ ውስጥ በ37 ነጥብ 5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ መቆየት ይኖርበታል። ሙቀቱ ለአጭር ጊዜ ቢቀንስ ሽሉ ሊቋቋመው ይችላል፤ ከ40 ዲግሪ በላይ ለሰዓታት ከቆየ ግን ይሞታል። ስለዚህ «መሣሪያው ሲሳሳት አምፖሉን አብርቶ ይቀራል ወይስ አጥፍቶ?» የሚለው የመጀመሪያው ጥያቄ ሊሆን ይገባል። ምርመራው ከመጀመሩ በፊት እንቁላሉን ወደ ሌላ መፈልፈያ ወይም ወደ ታቀፈች ዶሮ ማዛወር፣ ሶኬቱንም መንቀል ያስፈልጋል፤ 220 ቮልት ለስህተት ዕድል አይሰጥም።

የተሳሳተ ንባብ

ዲ ኤስ 18 ቢ 20 የተባለው የሙቀት ሴንሰር ሁለት አሳሳች ቁጥሮችን ሊያሳይ ይችላል። አንዱ 85 ነው፤ ይህ ሴንሰሩ ኃይል እንዳገኘ፣ ገና ሳይለካ የሚይዘው ቁጥር ነው። ሌላው ከዜሮ በታች 127 ሲሆን፣ በብዛት የሚሠራበት ላይብረሪ ሴንሰሩን ባላገኘው ጊዜ የሚመልሰው ምልክት ነው። ፕሮግራሙ ይህን እንደ እውነተኛ ብርድ ከቆጠረው አምፖሉን ያለማቋረጥ ያበራል፤ አንድ የላላ ሽቦ እንቁላሉን ሁሉ ያበስላል ማለት ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። በመረጃው ሽቦና በኃይሉ ሽቦ መካከል 4 ነጥብ 7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር መኖሩን ማረጋገጥ፣ በፕሮግራሙም ከ0 በታችና ከ50 በላይ የሆነን ንባብ እንዲጥል ማዘዝ ነው። የተሳሳተው ንባብ ከተደጋገመ አምፖሉ ጠፍቶ ማንቂያ ደወል ይጩኽ። ዲ ኤች ቲ 22 የሚጠቀሙ ደግሞ ሴንሰሩ ከ2 ሰከንድ ባነሰ ልዩነት መነበብ እንደሌለበት ያስታውሱ።

በየጊዜው ዳግም የሚነሣ ሰሌዳ

ሪሌዩ «ቀጭ» ባለ ቁጥር ሰሌዳው እንደ አዲስ የሚነሣ ከሆነ ጥፋቱ ከፕሮግራሙ ይልቅ ከኃይል አቅርቦቱ ሊሆን ይችላል። ለማወቅ አምፖሉን ከሪሌዩ ነቅሎ ሪሌዩን ብቻውን ማሠራት ይበቃል። ችግሩ ከቀረ ምንጩ የአምፖሉ መስመር ነው፤ የ220 ቮልቱን ሽቦ ከሴንሰሩ ሽቦ ማራቅ ይገባል። ካልቀረ ለሪሌዩ የራሱን ኃይል ሰጪ መመደብ ይመከራል።

ቀናት ሠርቶ የሚቆም ፕሮግራም

አርዱይኖ ኡኖ ያለው የሥራ ማስታወሻ 2 ኪሎ ባይት ብቻ ነው። ጽሑፎችን ደጋግሞ የሚሠራና የሚያፈርስ ፕሮግራም ይህን ቦታ ይሸነሽነውና አንድ ቀን ይቆማል። የሚሊ ሰከንድ ቆጣሪውም ከ49 ቀን ከ17 ሰዓት ገደማ በኋላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ያለማቋረጥ ለሚሠራ መፈልፈያ ይህ በሦስተኛው ዙር መካከል ይውላል። ጊዜ ሲሰላ ሁልጊዜ ካሁኑ ላይ ያለፈውን መቀነስ ይህን እንከን ያስቀራል። ፕሮግራሙ ቢቆም ሰሌዳውን በራሱ የሚያስነሣውን ዋችዶግ የተባለ ጠባቂ ማብራትም ጠቃሚ ነው።

መብራት ሲሄድ የሚጠፋ ቀን

እንቁላል ማገላበጥ በ18ኛው ቀን ይቆማል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፕሮግራሙ ቀኑን ከ1 ከጀመረ ጫጩቶቹ ለመውጣት በሚዘጋጁበት ሰዓት ማገላበጡ ይቀጥላል። ቀኑ በሰሌዳው ቋሚ ማስታወሻ ላይ መመዝገብ አለበት፤ ነገር ግን በልክ። ያ ማስታወሻ ዋስትና ያለው ለ100 ሺህ ጽሕፈት ያህል ነው። በየሰከንዱ ቢጻፍበት ይህ በ28 ሰዓት ውስጥ ያልቃል፤ በየሰዓቱ ከሆነ ግን በአንድ ዙር የሚጻፈው 504 ጊዜ ብቻ ነው።

ከእንቁላሉ በፊት የሚደረግ ፈተና

የሪሌዩ መገናኛ ተጣብቆ ከቀረ የትኛውም ፕሮግራም አምፖሉን ሊያጠፋው አይችልም። ስለዚህ ከፕሮግራሙ ነጻ የሆነ፣ በ39 ዲግሪ አካባቢ የሚቆርጥ ሜካኒካል ቴርሞስታት በአምፖሉ መስመር ላይ በተከታታይ ማስገባት ግድ ነው።

ጥገናው ሲካሄድ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ተለውጦ ውጤቱ በደብተር ይመዝገብ። ሁለት ሦስት ነገር አብሮ ከተቀየረ የትኛው እንደፈወሰው አይታወቅም። ከዚያም በእንቁላል ፈንታ ውኃ የሞላባቸው ጠርሙሶች ተቀምጠው መሣሪያው ቢያንስ ለ3 ቀን ይፈተን። ሌላ ቴርሞሜትር አብሮ ይለካ፤ ሶኬቱ ደጋግሞ ይነቀል፤ ሴንሰሩም ሆን ተብሎ ይነቀል። ሴንሰሩ ሲነቀል አምፖሉ ጠፍቶ ደወሉ ከጮኸ፣ ሶኬቱ ተመልሶ ሲሰካም ቀኑ ካቆመበት ከቀጠለ፣ እንቁላሉን ማስገባት ይቻላል።