ከቀፎ ወደ ቀፎ

ከጣርማ በር ብርድ ወርዶ ሸዋ ሮቢት የሚደርስ መንገደኛ ሙቀቱ ወዲያው ይታወቀዋል፤ ከተማዋ 1280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ለአካባቢው፣ ለይፋት ንብ አናቢ ይህ ሙቀት የጠላቱንም ዓይነት ይወስናል። የጠመኔ በሽታ የሚባለው ፈንገስ ቀዝቃዛና እርጥብ ቀፎ ስለሚወድ በይበልጥ የደጋው ሰው ጣጣ ነው። ቆላውን የሚያስቸግረው የሰም ትል ነው። እናቲቱ የእሳት ራት ንቡ የሳሳበት ቀፎ ገብታ እንቁላል ትጥላለች፤ ትሎቹ የማር እንጀራውን እየቦረቦሩ ድር ያደሩበታል።

በሽታን ከኅብረ ንብ ወደ ኅብረ ንብ በማዛመት ግን ከንቡ ክንፍ ይልቅ የአናቢው እጅ ይብሳል። በባህላዊው ቀፎ ማሩ ሲቆረጥ እንጀራውም አብሮ ይወጣል፤ ንቦቹ አዲስ ይሠራሉ። በዘመናዊው ፍሬሙ ይወጣል፣ ማሩ ይጣራል፣ እንጀራው ይመለሳል። ምርቱን ያበዛው ይኸው ነው፤ ጦሱም ከዚሁ ይመጣል። «ደካማውን ያግዝ» ተብሎ ከታመመ ቀፎ የወጣ ፍሬም ጤነኛው ውስጥ ሲገባ በሽታውም አብሮ ገባ። እኔ ብጠየቅ፣ ዘመናዊ ቀፎ ሲታደል መቅደም ያለበት ትምህርት ይህ ነው። የጠቆረ አሮጌ እንጀራም ቀልጦ ሰም ይሁን።

ጠዋት የቀፎውን በር ማየት ብዙ ይነግራል። ደርቆ ጠመኔ የመሰለ፣ ነጭ ወይም ጥቁር እጭ ተጥሎ ከተገኘ ሠራተኞቹ ጎትተው ያወጡት የፈንገሱ ሟች ነው። የቀፎው ፊት በቡናማ ኩስ ከተዥጎረጎረ ኖዜማ የሚባለው የአንጀት በሽታ ይጠረጠራል። ንቡ በአንድ ቀን ምላሱን አውጥቶ ከተከመረ ግን አብዛኛውን ጊዜ በሽታ አይደለም፤ የጎረቤት የሽንኩርት ወይም የማሾ ማሳ ምን እንደተረጨ ይጠየቅ።

አበባ ሲጠፋ ሽሮ፣ በሶና የስኳር ውሃ መስጠት የተለመደ ነው። ከገበያ የተገዛ ማር ግን ከማን ቀፎ እንደወጣ አይታወቅምና ለንብ አይሰጥም። ምግቡም ሲመሽ ቀፎው ውስጥ ይቀመጥ። ደጅ ከፈሰሰ ንቡ ለዝርፊያ ይነሳሳል፤ ጠንካራው የታመመውን ዘርፎ በሽታውን ከነማሩ ይዞ ይገባል።

መድኃኒት ፍለጋ መሮጡ አይታየኝም። አውሮፓና አሜሪካን ያስጨነቀውን የቫሮአ ቅንቅን የአፍሪካ ንብ በብዙ ቦታ ያለ ኬሚካል ሲቋቋመው ታይቷል። የሚያዋጣው ጽዳት ነው። ቀፎ ሲፈተሽ የታመመው መጨረሻ ይከፈት፤ ቢላዋው በየመሀሉ ታጥቦ እሳት ይንካው። ንቡ ኮብልሎ የተወው ቀፎ ደግሞ በቆላው ሙቀት ለትሉ ማርቢያ ስለሚሆን እንጀራው በቶሎ ይውጣ፣ ውስጡ በነበልባል ይለብለብ፤ ሌላ መንጋ የሚጠበቀው ከዚያ በኋላ ነው።