ፀጉሯ የሚረግፍ ድመት

ድመት የጎተራ ዘበኛ ናት። ድመት ባለበት ቤት አይጥ እንደ ልቧ አትፈነጭም። ስለዚህ ድመት ስትታመም ጉዳቱ እህላችን ድረስ ይመጣል።

የቤታችን ድመት አንድ ዓመት ጥቅምት ላይ ሆዷ ተመለጠ። ስታክ ግን አላየንም። አንድ ጎረቤታችን «እከክ ነው፤ ላምባ ቀቧት» አሉን። ላምባውንም አምጥተን ነበር። ደግነቱ ሳንቀባት የእንስሳት ሐኪም አገኘንና ጠየቅነው። «ኧረ እንዳታደርጉት!» አለን። ድመት ገላዋን የምታጸዳው በምላሷ ነው፤ የተቀባችውን ሁሉ ትውጠዋለች። ላምባ ቆዳዋን ያቃጥላል፤ ሳንባዋ ከገባም ይገድላታል። ለውሻ ቁንጫና መዥገር የሚሸጠው ፔርሜትሪን ያለበት መድኃኒትም ለድመት መርዝ ነው። ለሰው ራስ ምታት የሚዋጠው ፓራሲታሞል እንኳ አንዱ ፍሬ ሊገድላት ይችላል።

ለመሆኑ ሕመሟ ምንድን ነው? አለርጂ ይባላል። ቃሉን በ1906 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የተባሉ የኦስትሪያ ሐኪም ናቸው። ሰውነት ራሱን ከበሽታ ይከላከላል። አንዳንዴ ግን ምንም የማያደርገውን ነገር፣ የአበባ ብናኝን፣ ሻጋታን፣ በቤት አቧራ ውስጥ የሚኖሩትን በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ተባዮች፣ እንደ ጠላት ቆጥሮ ይቆጣል። ሰው ይህ ሲነካው ያስነጥሰዋል። ድመት ግን ብዙውን ጊዜ የምትጎዳው በቆዳዋ ነው። ፊቷንና አንገቷን ታካለች። ጀርባዋ ላይ እንደ ዳጉሳ ፍሬ ያለ ሽፍታ ይወጣል። አንዳንዷም ትስላለች። ሌላዋ ደግሞ ሰው ሳያያት በዚያ ሻካራ ምላሷ እየላሰች ፀጉሯን ትጨርሰዋለች፤ እኛ የምናየው መመለጡን ብቻ ነው።

ሐኪሙ መጀመሪያ ያስፈለገን ቁንጫ ነበር። የቁንጫ ምራቅም ድመትን ያስቆጣል፤ እየላሰች ስለምትውጠው ደግሞ ቁንጫውን ላናየው እንችላለን። ፀጉሯን በጥርሰ ጥቅጥቅ ማበጠሪያ አበጥረን የወጣውን ጥቁር ትቢያ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ አራገፍን። ከቀላ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቀለሙ ቁንጫው የጠጣው ደም ነው። የኛ አልቀላም። ቢቀላ ኖሮ ድመቷን ብቻ ማከም አይበቃም። አንዲት ቁንጫ በቀን እስከ 40 እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉም መሬት ላይ ይረግፋል። ቤቱን መጥረግ፣ መኝታዋን ማጠብና ፀሐይ ላይ ማስጣት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ «መቼ ጀመራት?» ብሎ ጠየቀን። ወቅት ጠብቆ መጥቶ የሚሄድ ከሆነ የሚጠረጠረው የአበባ ብናኝ ነው። ዓመቱን ሙሉ የማይለቅ ከሆነ ግን የቤት አቧራ ወይም የምትበላው ምግብ ሊሆን ይችላል።

አለርጂ ከድመት ወደ ልጅ አይተላለፍም። ጭርት ግን ይተላለፋል፤ እሱም ፀጉር ያረግፋል። ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት ስለሚያስቸግር የተመለጠች ድመት ለሐኪም ትታይ።

አለርጂ ተነቅሎ አይጠፋም፤ ቁጣውን የሚያበርድ መድኃኒት ግን አለ። የኛም ድመት በዓመቱ ጥቅምት ሲገባ እንደገና መላስ ጀመረች። ያን ጊዜ ላምባ የፈለገ አልነበረም፤ ይዘናት ወደ ሐኪሙ ሄድን።