ያገለገለ ፒክአፕ መኪና ጉልበት ሲያንሰው፤ ምክንያቱን በቅደም ተከተል ስለ መፈለግ

ለድርቅ ተጎጂዎች የሚላክ እህል ከወደብ እስከ ዋናው መጋዘን የሚጓዘው በከባድ የጭነት መኪና ነው። በ1977 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ በደረሰ ጊዜ ከአሰብ ወደብ የተነሣው እህል በሚሌና በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይወጣ የነበረው በዚሁ ዓይነት ነበር። ከመጋዘኑ ወዲያ ግን መንገዱ ይጠባል። ክትባቱን፣ የዘር እህሉን፣ የውሃ መሳቢያውን መለዋወጫና የጤና ሠራተኛውን እስከ ሠፈራ ጣቢያውና እስከ ቀበሌው የሚያደርሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ያገለገለ ፒክአፕ ነው። ይህ መኪና ዳገት መውጣት ሲያቅተው የሚዘገየው መኪናው ብቻ አይደለም፤ ዝናብ ከመጣሉ በፊት ከገበሬው እጅ መግባት የሚገባው ዘርም አብሮ ይዘገያል።

«መኪናው አይስብም» የሚል ማመልከቻ ለጽሕፈት ቤት ሲቀርብ በችኮላ የሚሰጠው ውሳኔ ሞተሩ ወርዶ ይታደስ የሚል ነው። ይህ ውሳኔ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ከመሆኑም በላይ መኪናውን ለሳምንታት ከሥራ ውጭ ያደርገዋል። ይሁን እንጂ ሞተሩ ራሱ ሳይጎዳ ጉልበት የሚያሳጡ ምክንያቶች በርካታ ናቸው፤ አብዛኞቹንም በጥቂት የእጅ መሣሪያ ለይቶ ማወቅ ይቻላል። ዋናው ነገር ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ወጪ ከሌለው ወጪ ወዳለው በሥርዓት መሄድ ነው። ለምሳሌ የተወሰዱት በመስክ ሥራ በሰፊው የታወቁት ቱርቦ የሌላቸው የቶዮታ የናፍጣ ሞተሮች፣ ማለትም ባለ 2.4፣ ባለ 2.8 እና ባለ 3.0 ሊትር ሃይሉክስ እንዲሁም ባለ 4.2 ሊትር ላንድክሩዘር ናቸው።

ከፍታና ጭነት

መኪናው ከመመርመሩ በፊት የሚሠራበት ቦታ ይታሰብ። ሚሌ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ከፍ ስትል ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው መጠን ስለሚሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ነዳጁ በቂ አየር ስለማያገኝም ጥቂት ጥቁር ጭስ ይታያል። ይህ የተፈጥሮ ሕግ እንጂ ብልሽት አይደለም። ስለዚህ ሾፌሩ በመጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው «ድክመቱ ከየት ጀመረ?» ተብሎ ነው። መኪናው በአንድ መንገድ፣ በአንድ ዓይነት ጭነት ቀድሞ በ3ኛ ማርሽ ይወጣው የነበረውን ዳገት አሁን በ2ኛ ብቻ የሚወጣው ከሆነ በእርግጥ ብልሽት አለ። ድክመቱ የታየው መኪናው ከቆላ ወደ ደጋ ከተዛወረ በኋላ ብቻ ከሆነ ግን ፍርዱ ይዘግይ።

ጭነቱም በሚዛን እንጂ በግምት መታየት የለበትም። የዚህ ዓይነት ፒክአፕ የመጫን አቅም በአብዛኛው አንድ ቶን፣ ማለት 10 ኩንታል ገደማ ነው። በዚህ ቁጥር ውስጥ ሰውም፣ ተጨማሪ ጎማም፣ ነዳጅም ይታሰባል። ባለ 200 ሊትር አንድ በርሜል ናፍጣ ብቻውን ወደ 190 ኪሎ ይመዝናል። ከ10 ኩንታል እህል ላይ አንድ በርሜልና አራት ሰው የተጨመረበት መኪና ዳገት ቢያቅተው ጥፋቱ የሞተሩ አይደለም።

ጉልበቱ አልተፈጠረም ወይስ በመንገድ ባከነ?

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ሞተሩ ጉልበት ማመንጨት አቅቶታል ወይስ ያመነጨው ጉልበት ጎማው ዘንድ ሳይደርስ ቀርቷል የሚለው ነው። ነዳጅ ሲሰጠው ሞተሩ በድምፅ እየጮኸ መኪናው ፍጥነት የማይጨምር ከሆነ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። ይህን ለማረጋገጥ መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፤ ከፊቱም ሰው አይኑር። የእጅ ፍሬን ተይዞ 4ኛ ማርሽ ይግባና ፍሪሲዮኑ ቀስ ተብሎ ይለቀቅ። ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል፤ መዞሩን ከቀጠለ ግን ፍሪሲዮኑ አልቋል ማለት ነው።

የሚይዝ ፍሬንም ጉልበት ይበላል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ፍሬን ሳይነካ ከተነዳ በኋላ የአራቱ ጎማዎች መሐል በእጅ ጀርባ በጥንቃቄ ይቃኝ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ያ ጎማ በክሪክ ተነሥቶ በእጅ ይዙር፤ በነፃነት የማይዞር ከሆነ ምክንያቱ ተገኝቷል። እንዲሁም ያገለገለ መኪና የገዛ ወይም የተረከበ ሰው የጎማውን ቁጥር በመኪናው ላይ ከተጻፈው ጋር ያስተያይ። ከተመደበለት በ10 በመቶ የሚበልጥ ቁመት ያለው ጎማ የተገጠመለት መኪና መንገዱን የሚገፋበት ኃይል በ9 በመቶ ያህል ይቀንሳል።

አየርና ነዳጅ

ፍሪሲዮኑ፣ ፍሬኑና ጎማው ደኅና ሆነው ከተገኙ ምርመራው ወደ ሞተሩ ይሻገራል። አንድ ሰው የነዳጅ መስጫውን ፔዳል እስከ መጨረሻው ይርገጥ፤ ሌላው በነዳጅ ፖምፓው ላይ ያለው ክንድ ማቆሚያውን ቡሎን መንካቱን ይመልከት። የላላ ገመድ ወይም ከፔዳሉ ሥር የተጠቀለለ ምንጣፍ ክንዱን በግማሽ መንገድ ሊያስቀረው ይችላል።

ባለ 2.8 ሊትር ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር በስሌት እስከ 4,200 ሊትር አየር ይስባል። ይህ ሁሉ አየር የሚያልፍበት ማጣሪያ በአቧራማ መንገድ በጥቂት ቀናት ሊታፈን ይችላል። ማጣሪያው ከውስጥ ወደ ውጭ በዝግተኛ አየር ይነፋ፤ በብርሃን ፊት ተይዞም ቀዳዳ እንደሌለው ይታይ። ጥርጣሬ ካለ ንጹሕ መሆኑ የታወቀ ማጣሪያ ተገጥሞ ያው ዳገት እንደገና ይሞከር። ለመሞከር ተብሎ ያለ ማጣሪያ መንዳት ግን ክልክል ነው፤ የገባው አቧራ ሲሊንደሩንና የፒስተኑን ቀለበት በአጭር ጊዜ ይበላል።

የነዳጁን መንገድ ለመመርመር ከናፍጣ ማጣሪያው ራስ ላይ ያለው የእጅ ፖምፓ ጥሩ ምስክር ነው። ሲጫኑት ወደ ታች ተስቦ የሚቀር ከሆነ ከጋኑ እስከ ማጣሪያው ባለው መስመር ላይ መታፈን አለ። ምንም ሳይገታ ባዶውን የሚሄድ ከሆነ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ይፈለግ። ከማጣሪያው ሥር ያለው መፍቻ ተከፍቶ የተጠራቀመው ውሃ ይፍሰስ። ይህ ውሃ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከበርሜል ነው፤ ደጅ ቆሞ የሚያድር በርሜል ሌሊት ሲቀዘቅዝ በክዳኑ ላይ የተኛውን የዝናብ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። በርሜሉ ተጋድሞ ወይም ዘንበል ብሎ ይቀመጥ፤ ሲቀዳም እስከ ወለሉ አይጠጣ። መኪናው ሲነሣ ደኅና ሆኖ ከጥቂት ጉዞ በኋላ የሚደክም ከሆነ ደግሞ የጋኑ ክዳን ይከፈት። አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ ከተሰማ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል።

የጭሱ ምስክርነት

ጥቁር ጭስ ነዳጁ ካለው አየር መብለጡን ይናገራል፤ የታፈነ የአየር ማጣሪያ፣ የተበላሸ ኖዝል ወይም ከፍታ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይለቅ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ነዳጅን፣ የነዳጅ መርጫ ጊዜ መዘግየትን ወይም የመጭመቅ ኃይል ማነስን ያመለክታል፤ የራዲያተሩም ውሃ አብሮ የሚጎድል ከሆነ የሞተሩ ራስ ጓርኒሲዮን ይጠርጠር። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት መቃጠሉን ያሳያል። መኪናው ደካማ ሆኖ ጭስ ጨርሶ የማያወጣ ከሆነ ነዳጅ በበቂ ሁኔታ አይደርሰውምና ወደ ማጣሪያውና ወደ ጋኑ መመለስ ይገባል።

ሁለት ከባድ ስሕተቶች

የመጀመሪያው ጉልበት ለመጨመር ተብሎ በነዳጅ ፖምፓው ላይ የታሸገውን የነዳጅ መጠን መቆጣጠሪያ ቡሎን መፍታት ነው። በደጋ የጎደለው አየር እንጂ ነዳጅ አይደለም። የተጨመረው ናፍጣ በጭስ መልክ ይወጣል፤ የጭስ መውጫው ሙቀት ይጨምራል፤ በረጅም ዳገት ላይም ፒስተን እስከ ማቅለጥ ይደርሳል።

ሁለተኛው የመጭመቅ ኃይል ልኬትን ያለ ከፍታ ሒሳብ ማንበብ ነው። ከላይ ለተጠቀሱት የሃይሉክስ ሞተሮች በአምራቹ የተመደበው ልክ በካሬ ሴንቲ ሜትር 32 ኪሎ፣ ዝቅተኛው 20 ኪሎ፣ በሲሊንደሮች መካከል የሚፈቀደው ልዩነትም 5 ኪሎ ነው። 32 ኪሎ ሊያሳይ የሚገባው ጤነኛ ሞተር በደሴ ከፍታ ሲለካ 24 ኪሎ ገደማ ቢያሳይ የሚያስደንቅ አይደለም። ስለዚህ ከቁጥሩ ማነስ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ይመርመር። አራቱም ከተቀራረቡ ሞተሩን ለማውረድ አይቸኮል፤ አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከራቀ ግን ብልሽቱ ከሞተሩ ውስጥ ነው።

እነዚህ ሞተሮች የጊዜ ቀበቶ ያላቸው መሆኑም አይዘንጋ። ቀበቶው አንድ ጥርስ እንኳ ቢዘል መርጫው ጊዜውን ይስታል፤ ከተበጠሰም ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። ያገለገለ መኪና ሲረከቡ ቀበቶው መቼ እንደተለወጠ የሚያስረዳ መዝገብ ከሌለ እንዲለወጥ ማድረግ ይመረጣል።

በኋላ የመጡት ባለ ቱርቦ ሞተሮች በከፍታ የሚያጡት ጉልበት አነስተኛ ነው። በእነርሱ ላይ ድንገተኛ ድክመት ሲታይ ከቱርቦው የሚነሡት የአየር ቱቦዎች መሰንጠቅና መውለቅ ይታይ። የማስጠንቀቂያ መብራት በርቶ ከሆነም ኮምፒዩተሩ የመዘገበው የብልሽት ቁጥር አስቀድሞ ይነበብ።

ስለ መዝገብ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሁሉ ፍሬ የሚሰጠው በጽሑፍ ሲያዝ ነው። በመኪናው የጉዞ ደብተር ላይ የጭነቱ ክብደት፣ ዳገቱ፣ የተወጣበት ማርሽ፣ የጭሱ ቀለም፣ ማጣሪያው የተለወጠበት ቀንና የተነዳው ኪሎ ሜትር ይጻፍ። ለጥገና ጥያቄ የሚፈርም ኃላፊም ሞተር እንዲወርድ ከመፍቀዱ በፊት ፍሪሲዮኑ፣ ፍሬኑ፣ ሁለቱ ማጣሪያዎችና የጋኑ ክዳን መታየታቸውን የሚያረጋግጥ ጽሑፍ እንዲቀርብለት ይጠይቅ። ይህ ምርመራ ከግማሽ ቀን አይበልጥም፤ ለእድሳት ከሚጠፉት ሳምንታት ጋር ሲመዛዘን፣ ዘር ለሚጠብቀው ገበሬ ልዩነቱ አንድ የመኸር ወቅት ሊሆን ይችላል።